በረዶ ድምፅ አለው ወይ?

ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ግግር በረዶ የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ተራራ እስላለሁ፣ ጠመኔውን አጋድሜ ከአናቱ ጀምሬ ወደ ታች ነጭ አደርገዋለሁ፣ «ይሄ በረዶ ነው፤ ለሺህ ዓመታት የተጋገረ ነው፤ ዝም ብሎ የተኛ ቢመስልም ይሄዳል» እላለሁ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ። እኔም ጠመኔውን ከእጄ ላይ አራግፌ ሻይ ልጠጣ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ግን ከካሳንቺስ የምትመጣ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ነክተውት ያውቃሉ?»

ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። «አላውቅም» ብል ምን ነበረበት? በረዶ አለመንካት ወንጀል አይደለም። ግን ሰው ፊት ሲቆሙ አንዳንዴ አፍ ከልብ ይቀድማል።

«አዎ፣ ነክቼዋለሁ» አልኩ።

«እንዴት ነው?»

«ይቀዘቅዛል።»

«ድምፅስ አለው?»

«በረዶ ደግሞ ምን ድምፅ አለው! አርፈሽ ጻፊ።»

አርፋ ጻፈች። እኔ ግን ያን ቀን ሻዬ አልጣመኝም። ‹ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል› ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ። ምክንያቱም ብዙም ሳይቆይ የነልጅቷ ሰፈር ለልማት ተነሣ። ካሳንቺስ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትናንት ዳቦ የገዛችሁበት በር ዛሬ የቆርቆሮ አጥር ነው። ለቤተሰቧ ከተማው ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ልጅቷ ልትሰናበተኝ መጣች። የእናቷን ስልክ ቁጥር መዝገቤ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ።

«ቲቸር፣ በረዶው ጋ የተነሱትን ፎቶ ይልኩልኛል?»

«ፈልጌ እልክልሻለሁ» አልኳት። ይኸው ሁለተኛው ውሸት! ልጅቷ ቤቷን አጥታ እየሄደች፣ እኔ ደግሞ በባዶ ተስፋ ሸኘኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆናል፤ ወስዶኛል። ግን ጠዋት ስነሣ ልጅቷ እዚያው ዓይኔ ላይ ነበረች።

ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ታናሽ እህቴ ደወለች። ጣሊያን አገር ነርስ ናት፤ የዚያውን አገር ሰው አግብታለች። «እትዬ፣ አማቴ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ተራራ መንደር ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ እኔ ፈቃድ የለኝም፤ ክረምቱን መጥተሽ አብረሻቸው ብትቆዪ» አለችኝ።

«ተራራው በረዶ አለው?»

«ቪዛው እንዴት ነው ትይኛለሽ ስል ስለ በረዶ! አናቱ ላይ አለ መሰለኝ፣ እኔ ምኑን አውቄው!»

«እመጣለሁ» አልኩ። ቲኬት ሳይቆረጥ ልቤ ሄደ። መስከረም ላይ ክፍል ከመግባቴ በፊት ያንን በረዶ በእጄ ካልነካሁ እንደገና ሰሌዳ ላይ አልስለውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መንደሩ የደረስኩት በጨለማ ነበር። ጠዋት መስኮቱን ከፈትኩ። እኔ እንጦጦን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ተራራ ብርቄ አይደለም። እናም እንደለመድኩት ቀና ብዬ አየሁ፤ ደን ነው። ትንሽ ከፍ አደረግኩ፤ ድንጋይ ነው። ሰማዩ ከዚህ በላይ ይሆናል ብዬ አንገቴን ሳስረዝም አሁንም ድንጋይ! ተራራው አላለቀም። መጨረሻው ከመስኮቱ በላይ ነበርና ወገቤን ወደ ውጭ አውጥቼ ጣሪያው ሥር ተንጋልዬ አየሁት። እዚያ ላይ፣ በጣም እዚያ ላይ፣ አንዲት ነጭ ነገር ፀሐይ መትቷት ታበራለች።

«ኧረ እመቤቴ ማርያም!» አልኩ ጮክ ብዬ። ይሄን ሁሉ ዓመት በሁለት ሰረዝ ስስለው የኖርኩት ይሄን ነው? አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ተራራውን ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም።

የእህቴ አማት ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ጀሶ ውስጥ ነው፤ ግራው ግን የሁለት ሰው ይሠራል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ «እማማ» አልኳቸው፤ ወደዱት። ቋንቋ ግን ጉድ አደረገን። አባቴ ሜክሲኮ አካባቢ መካኒክ ነበርና እኔ ጣሊያንኛ የማውቀው ከመኪና ሆድ ነው፤ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ። ሁሉንም ደረደርኩላቸው። እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምን ዋጋ አለው፣ ‹እንዴት አደሩ› ለማለት የሚሆን የመኪና ዕቃ የለም!

ሥራው ብዙ ነው። ጠዋት ዶሮዎቹን እፈታለሁ፤ ከዚያ የታጨደውን ሣር እንዲደርቅ በመንሽ እገለብጣለሁ፤ ቀትር ላይ እማማ በቆሎ ዱቄት በትልቅ ድስት ያስፈላሉ፣ እኔ አማስላለሁ። ሳየው ገንፎ ነው! እነሱ ሳሕን ላይ ዘርግተው በአይብ ይበሉታል። እኔ ምኑም አልገባኝ፤ መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጌ ቅቤ ሞላሁበት፣ ከሻንጣዬ በርበሬ አመጣሁና በተንኩበት። እማማ አዩኝና የኔን ጎድጓዳ በማንኪያቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቀመሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሳሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን ሳሕን ገፋ አድርገው መሐሉን እንድጎደጉድላቸው በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ዓይነት አልበላንም፤ ፍልሰታ ገብቶ እኔ ወደ ዘይት እስክዞር ድረስ።

ማታ ማታ ወደዚያች ነጭ ነገር እጠቁማለሁ። እማማ ጉልበቴን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልተሳሳቱም። እኔ የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሚሠራው ሲፈልገው ስለሆነ ደረጃው ጉልበቴን በልቶታል። በሐምሌ መጨረሻ ግን አልቻልኩም፣ ዱላ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ተራራው ላይ የሚተላለፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይባባላል፤ አንዲት ቃል ነው፣ እርምጃ እንኳ አያቋርጥም። እኔ ደግሞ ሰላም ሲሉኝ ቆምኩ። የቂርቆስ ሰው ሰላም ተብሎ እንዴት ሳይቆም ያልፋል? «ደህና ናችሁ? ከየት ነው የመጣችሁ? ልጆቹስ?» በእንግሊዝኛ፣ በእጅ፣ በካቻቢቴ። ጀርመናውያን ባልና ሚስት ቆሎ አዘግኜ የሦስት ልጆቻቸውን ትምህርት ደረጃ ጠየቅኳቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ደመናው ወረደ። የጫማዬን ጫፍ ማየት እስኪያቅተኝ ጉም ዋጠኝ፤ ጉልበቴም በዚያው አበጠ። እየተጎተትኩ ተመለስኩ። እማማ አልተቆጡም። ከጓሮ የጎመን ቅጠል ቆርጠው፣ በጠርሙስ ዳምጠው፣ ጉልበቴ ላይ በሻሽ አሰሩልኝ። ጥቅል ጎመን እግሬ ላይ ታስሮ ተኝቼ አለቀስኩ። ለጉልበቴ አይደለም። ያቺ ልጅ ፎቶውን እየጠበቀች እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳቸው ለእማማ በማግሥቱ፤ በዶሮ እንቁላልና በሁለት ጣቴ እያስረዳሁ። ገባቸው። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስኬዱኝ ጀመር፤ መጀመሪያ እስከ ላይኛው ምንጭ፣ ቀጥሎ እስከ ሣር ጎተራው፣ ከዚያ እስከ ደኑ ጫፍ። ከኋላዬ እየመጡ ስቸኩል ቀሚሴን ይጎትቱኛል።

ልመለስ አምስት ቀን ሲቀረኝ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠራ። እማማ ገና ሳይነጋ በሬን ደበደቡ፤ የመኪና ቁልፍ በግራ እጃቸው ይዘዋል። መኪናው ከኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ሊያደርሱኝ ነው፤ ግን ቀኝ እጃቸው ጀሶ ውስጥ ሆኖ ማርሽ በምን ይቀይራሉ? ወደ እኔ አዩ፤ ማርሹን በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«በእኔ?»

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጋራዥ ውስጥ ሲያሳድገኝ ለዚህ ቀን ነበር። እማማ በግራ እጃቸው መሪ፣ በእግራቸው ፍሪሲዮን፤ እኔ ከጎን ተቀምጬ ማርሽ። «ፍሪሲዮን!» ብለው ሲጮሁ አስገባለሁ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ በአንድ በኩል ገደል ነው፤ ታች ያለው መንደር ክብሪት ቀፎ አክሏል። እኔ እመቤቴን እጠራለሁ፣ እማማ ያፏጫሉ። ሁለት ሴት፣ ሦስት እጅ! የትራፊክ ፖሊስ ቢያየን ምን ብሎ እንደሚጽፈን አላውቅም። አስፋልቱ ሲያልቅ ሞተር አጥፍተው፣ እዚህ እጠብቅሻለሁ በሚል ወንበሩን አስተኝተው ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉ።

ብቻዬን ወጣሁ። ዛሬ ሰላም ሲሉኝ አልቆምኩም፤ ከበደኝ ግን አልቆምኩም። ከደኑ ስወጣ ሸለቆው ተከፈተ፤ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ሰፊና ጠፍጣፋ። «ዩ!» ብዬ ጮህኩ። «እውነትም እንደ ዩ ነው!» ሃያ ሁለት ዓመት «ወንዝ ሸለቆን እንደ ቪ፣ በረዶ ግን እንደ ዩ ይቆርጠዋል» ስል የኖርኩ ሰው አሁን ገና አመንኩ። ድንጋዮቹ ላይ በረዶው ሲጎተት የተወው ጭረት አለ፤ ተንበርክኬ ጣቴን ጭረቱ ውስጥ አስገባሁና እስከ ጫፉ ተከተልኩት። ይሄን የጫረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙን ስጠራው ነው የኖርኩት።

ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። በረዶው በየዘመኑ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ዓመቱን በቀይ ቀለም ድንጋይ ላይ ጽፈውታል። የመጀመሪያው አያቴ እንኳ ያልተወለደችበት ነው። ቀጠልኩ። የተወለድኩበት ዓመት ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ዙሪያዬ ጠጠርና ቢጫ አበባ ነው፣ በረዶ የለም። ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ጋ ለመድረስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እዚያም የለም። ሰሌዳው ላይ በረዶውን ሁልጊዜ እስከ ታች ነበር የማወርደው፤ ተማሪዎቼ የሚገለብጡት ያለፈበትን ሥዕል ኖሯል።

የመጨረሻውን ጉብታ ወጣሁ። ተዳፋቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ ጫፍ ጫፉ በአሸዋ ከረጢት የተያዘ። አራት ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ደፍተው በጨርቁ ዙሪያ ቆመዋል።

ሰው ሞቷል። ሌላ ምንም አልታሰበኝም። ከገደል የወደቀ ሰው አለ፣ ከፍነውታል፣ ምናልባትም ብዙ ናቸው።

እኛ ሰፈር ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ሟቹን አላውቀውም ብሎ ምክንያት የለም፤ ድንኳን ካየህ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ‹እግዜር ያጥናችሁ› ብለህ ትወጣለህ። ለብርድ ብዬ የያዝኩትን ነጠላ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ለበስኩት፣ ዱላዬን አስቀመጥኩ፣ ቀስ ብዬ ቀርቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ለቅሶ ላይ ሁሉም የራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ እኔም አባቴን አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳላስበው ካሳንቺስን አለቀስኩ። ሰፈሩ ሲነሣ ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያወጣ፣ መኪና ሲለምን፣ ማን ለቅሶ ተቀመጠ?

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። በቂ ነው ብዬ ሳስብ ተነሣሁና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጺማሙ ሰውዬ እንግሊዝኛ ይችላል። «ማንም አልሞተም» አለ።

«ታዲያ ከሥር ያለው?»

«በረዶው ነው እኮ!»

የእኛ ክረምት ለእነሱ በጋ ነውና ፀሐይዋ እንዳትጨርሰው በየዓመቱ ያለብሱታል። ነፋስ ቀድዶት ኖሮ እየሰፉት ነው፤ ኮፍያቸውን ያወለቁት ሞቋቸው፣ ራሳቸውን የደፉት ደግሞ የእጅ ስፌት መኪናቸው መርፌ ተሰብሮ ነው! ይሄን ሲነግረኝ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። የጂኦግራፊ መምህርት ለበረዶ ለቅሶ ተቀመጠች! እነሱ ሳቁ፤ እኔ ደግሞ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ፣ እንባዬ ገና ሳይደርቅ። ለበረዶ ብርድ ልብስ! ጉድ እኮ ነው።

«ቅድም ያልሽን ምን ማለት ነው?» አለኝ ጺማሙ።

«እግዚአብሔር የቀራችሁትን ያበርታችሁ ማለት ነው። ለሐዘንተኛ የሚባል ነው።»

ለጓደኞቹ በቋንቋቸው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሰውዬ ጓንታቸውን አውልቀው ጨበጡኝና አንድ ነገር አሉ።

«አመሰግናለሁ ነው የሚሉሽ» አለ ጺማሙ። «ይሄን ጨርቅ ሲያለብሱ አሥራ ምናምን ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ ያላቸው ሰው የለም።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጨርቁን ጠርዝ ገለጡልኝ።

ነጭ አይደለም! ላዩ በአሸዋ ቆሽሿል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ሰማያዊ ነው፣ ከውስጡ መብራት የበራበት የሚመስል ሰማያዊ። እጄን ዘረጋሁ። የጠበቅኩት እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነገር ነበር፤ ሻካራ ነው፣ ጠጠር አለው፣ እርጥብ ነው፣ መዳፌን ያዝ አድርጎ ይለቃል። መዳፌ ደነዘዘ፣ አላነሣሁትም። ይሄ ውሃ የዘነበው ማንም የማያስታውሰው ሰው በኖረበት ዘመን ነው፤ ስንት ነገሥታት አልፈው እሱ እዚህ ሲጠብቅ ነበር፤ ዛሬ በጣቶቼ መሐል እየፈሰሰ ነው። ክብርና ፍርሃት አንድ ላይ መጣብኝ። ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደምሆነው ሆንኩ፣ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ሰማሁት። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቶሎ ቶሎ ነው። ከሥር ደግሞ የሆነ ውሃ ወደ ጨለማው ይሄዳል።

«አርፈሽ ጻፊ» ነበር ያልኳት!

ስልኬን አውጥቼ ስንጥቁ አጠገብ አስቀመጥኩና ቀዳሁት። ፎቶም አነሱኝ፤ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ። የላስቲክ ጠርሙሴንም እንደ ጠበል ሞልቼ ወረድኩ። እማማ ውሃውን ሲያዩ ምንነቱን ለማስረዳት አፌን አላስከፈቱኝም፤ አንድ ጠብታ ሳያስቀሩልኝ ጠጡትና ሞተሩን አስነሡ። እኔም ማርሽ አስገባሁ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ መዝገቤ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ። ልጅቷ ረዝማለች። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል፤ እናቷ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እያጠበች ነበር። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ዋሽቼሽ ነበር። ያኔ ነክቼው አላውቅም ነበር።»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዴት ነው ስልዎት ‹ይቀዘቅዛል› ብቻ አሉኝ። ያንን ፍሪጅ የነካ ሰውም ያውቀዋል።»

ፎቶውን አሳየኋት፤ አፍንጫዬን አይታ ሳቀች። «ድምፅ አለው» አልኳትና የቀዳሁትን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ልጅቷ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ። ስልኩን እያየች አልነበረም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው። አዲስ፣ ነጭ፣ ጠብታ የማያስገባ ጣሪያ ነው።

«እማ!» ብላ ጮኸች። «እማ፣ ቶሎ ነይ! ቤታችን!»

እናቷ የሳሙና አረፋ ከእጇ እየተንጠባጠበ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ክረምት በመጣ ቁጥር ካሳንቺስ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ ስታስቀምጥ የኖረች ሴት ናት፤ ለመለየት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

«የጓዳው ነው» አለች። «የሳሎኑ እንዲህ አይፈጥንም ነበር።»

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«እስቲ ይድገሙልን» አለችኝ።